ልብ ውስጥ የሚገባው አልኮልና የመለኪያው አረቄ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የምጽፍልዎ ከማክሰኝት ነው። አሜሪካ የሚኖሩ አጎታችን ልባቸው በድንገት እየሮጠ ሲያስቸግራቸው ቆይቶ፣ በቅርቡ «በልቤ ደም ስር አልኮል ወጉኝና ዳንሁ» ብለው በስልክ ነገሩን። እዚህ ያለችው የ31 ዓመት እህቴም የልብ ቫልቭሽ ጠቧል ተብላ፣ ምቷም ስለሚዛባ ጎንደር ሆስፒታል ክትትል አላት፤ ዋርፋሪን የሚባለውን ደም ማቅጠኛ ትወስዳለች። ወሬው ከተሰማ ወዲህ ጎረቤቱ ሁሉ «ታዲያ ጠዋት ጠዋት አንድ መለኪያ አረቄ ስጧት እንጂ» ይለናል። እውነት አልኮል ልብ ያድናል?

መልስ፦ አጎትዎ የነገሯችሁ እውነት ነው፤ ጎረቤት የተረዳው ግን የተገላቢጦሹን ነው። አልኮሉ የሚወጋው ልብን ለማበርታት ሳይሆን ከልብ ሥጋ ጥቂቱን ለመግደል ነው።

ልብ የሚመታው በውስጡ በሚያልፍ ኤሌክትሪክ ነው። የልብ ደም ስር ተዘግቶበት የዳነ ሰው ልቡ ላይ ጠባሳ ይቀራል። በጠባሳው ውስጥና ዙሪያ የተረፈው ሥጋ አንዳንዴ ኤሌክትሪኩን መልሶ መላልሶ ያሽከረክረዋል፤ የታችኛው የልብ ክፍልም በደቂቃ 150፣ ሲብስም 200 ጊዜ ይመታል። እንዲህ ያለው ሩጫ ሊገድል ይችላል። መጀመሪያ መድኃኒት ይሞከራል፣ ምቱን የሚያስተካክል መሣሪያ ደረት ውስጥ ይቀበራል፣ ከዚያም በቀጭን ቱቦ ገብተው ጥፋተኛውን ቦታ በሙቀት ያቃጥሉታል። ይሁን እንጂ የግራና የቀኙን ክፍል የሚለየው ግድግዳ ወፍራም ነው። ችግሩ ያለው ከግድግዳው መሀል ከሆነ ሙቀቱ አይደርስበትም። አልኮል የሚታሰበው ያኔ ነው።

ሐኪሙ በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ ደም ስር ገብቶ እስከ ልብ ደም ስሮች ይዘልቃል። ያንን ጥፋተኛ ሥጋ የምትመግበውን ቀጭን ቅርንጫፍ ይፈልግና እንደ ክር የቀጠነ ሽቦ ይሰድባታል፤ ሽቦውን ተከትሎ ትንሽ ፊኛ ያስገባና እዚያው ይነፋዋል። ፊኛው አልኮሉ ወደ ኋላ ፈስሶ ደህናውን ሥጋ እንዳይፈጅ የሚያግድ ነው። ቀጥሎ በራጅ የሚታይ ፈሳሽ ረጭቶ ቅርንጫፏ የት የት እንደምትደርስ ያያል። ይህን ሁሉ ካረጋገጠ በኋላ ነው ንጹህ አልኮል፣ አንድ ሁለት ሚሊ ሊትር ያህል፣ ቀስ እያለ የሚሰጠው። በሽተኛው ደረቱን ስለሚያመው ማስታገሻ ይሰጠዋል። የተነካው ሥጋ ወዲያው ይሞትና ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ ጠባሳ ይሆናል። አልኮሉ ካመለጠ ወይም የልብን ዋና የኤሌክትሪክ መስመር ከነካ ግን በሽተኛው ዕድሜ ልኩን ምት ሰጪ መሣሪያ ሊያስፈልገው ይችላል። ሌላ መንገድ ያለው ሰው እዚህ የማይደርሰውም ለዚህ ነው።

ሕክምናው የትናንት ፈጠራ አይደለም። የኔዘርላንዷ ማስትሪክት ሐኪሞች በሰው ላይ ሠርተው ውጤቱን ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1989 ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ ደግሞ የልብ ሐኪሙ ኡልሪክ ሲግቫርት ለንደን ውስጥ፣ ከልክ በላይ ወፍሮ የደም መውጫ የሚዘጋን የልብ ግድግዳ በዚሁ ዘዴ አሳሳው። ዛሬ አልኮል በልብ ውስጥ በብዛት የሚሠራው ይህንን ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ለእህቴስ ይሆናታል?

መልስ፦ የእህትዎ ምት የሚዛባው ከላይኛው የልብ ክፍል ነው፤ አትሪያል ፊብሪሌሽን ይባላል። ለእሱም በአልኮል የሚሠራ ነገር አለ፤ የሚሰጠው ግን በመላሽ የደም ስር በኩል ነው። አሜሪካ ውስጥ በ343 ሕሙማን ላይ ተሞክሮ እ.ኤ.አ. በ2020 በታተመ ጥናት፣ ከሙቀቱ ሕክምና ጋር አልኮል ከተጨመረላቸው 49 በመቶው፣ ሙቀት ብቻ ካገኙት ደግሞ 38 በመቶው ምታቸው ሳይዛባ ዓመቱን ዘልቀዋል። መልካም ልዩነት ነው፤ ተአምር ግን አልለውም።

እነዚያ ሕሙማን ግን እንደ እህትዎ ዓይነት አይደሉም። በእኛ አገር በወጣት ሴት ላይ የቫልቭ መጥበብ ሲገኝ መነሻው ብዙውን ጊዜ በልጅነት በደንብ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም ያመጣው ሩማቲክ የልብ በሽታ ነው። ቫልቩ ሲጠብ ደም ከኋላው ይጠራቀማል፣ የላይኛው ክፍል ይለጠጣል፣ ምቱም ይዘበራረቃል። ቫልቩ እንደጠበበ ምቱን ብቻ ማሳደድ ከንቱ ድካም ነው። ዋናው ጥያቄ ቫልቩ በፊኛ ይከፈት ወይስ በቀዶ ሕክምና ይሠራ የሚለው ነው፤ ይህንን የሚወስነው ኢኮ የሚባለው የልብ አልትራሳውንድ ምርመራ ነው። በ2001 ዓ.ም. ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ የተከፈተው የልብ ማዕከል እንዲህ ዓይነት ሕሙማንን ያክማል፤ ወረፋው ረጅም ስለሆነ ሪፈር ከተባለች ቀጠሮዋን አታሳልፍ። በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የምትወጋው ፔኒሲሊን ካለም አይቋረጥ።

አረቄውን ተዉት። ዳገም የሚባለው እንኳ ሲጠጣ በሆድና በጉበት አልፎ በመላ ሰውነት ይበተናል፤ አንዲት የታመመች ቅርንጫፍ መርጦ አይገባም። ደህና ልብ እንኳ ከበዓል መጠጥ በኋላ ምቱ ሲዛባ ሐኪሞች ዘወትር ያያሉ። ከዋርፋሪን ጋር ሲሆን ደግሞ ደሟን ከሚፈለገው በላይ አቅጥኖ ወደ መድማት ሊያደርሳት ይችላል።

ጥያቄ፦ በጾም ጎመን አትብላ ብለዋታል፤ እውነት ነው?

መልስ፦ ትብላ፤ መጠኑን ግን አታለዋውጥ። ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ የዋርፋሪንን ጉልበት ይቀንሳል። ሁዳዴን 55 ቀን ጎመን በልታ በፋሲካ ማግስት ወደ ዶሮና ሥጋ የምትዞር ከሆነ መድኃኒቱም አብሮ ይዋዥቃል። ስለዚህ ጾም ሲገባም ሲፈታም የደሟን መቅጠን የሚያሳየውን አይ ኤን አር ትለካ፤ ለእሷ የሚፈለገው ከ2 እስከ 3 ነው። ሰው «አዲስ የመጣ የተሻለ ማቅጠኛ አለ» ቢላት እንዳትቀይር፤ እንዲህ ለጠበበ ሩማቲክ ቫልቭ የሚመረጠው ያው ዋርፋሪን ነው። መውለድ ካሰበች ደግሞ ከማርገዟ በፊት ለሐኪሟ ትንገር፤ ዋርፋሪን ጽንስ ይጎዳል፣ እርግዝናው ራሱም የጠበበ ቫልቭ ላይ ከባድ ጫና ነው።

ድንገት አፏ ቢጣመም፣ እጇ ቢዝል ወይም ንግግሯ ቢኮላተፍ ስትሮክ ሊሆን ስለሚችል እስኪነጋ አትጠብቁ። ጎንደር በአስፋልቱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምልክቱ የጀመረበትን ሰዓት ያዙ፤ ስትደርሱም ከሁሉ በፊት እሱንና ዋርፋሪን እንደምትወስድ ተናገሩ።