ምክንያትንና ውጤትን አያይዞ መጻፍ

አንድ ነገር በምን ምክንያት እንደ ሆነና ምን እንዳስከተለ የሚያስረዳ ጽሑፍ የምክንያትና የውጤት ድርሰት ይባላል። እንዲህ ያለውን ድርሰት የሚጽፍ ሰው አስቀድሞ የነገሮቹን ቅደም ተከተል አጥርቶ ማወቅ አለበት። ቅደም ተከተሉን ካፋለሰ፣ ዐረፍተ ነገሩ በሰዋስው ረገድ ትክክል ቢሆንም እንኳ መልእክቱ የተሳሳተ ይሆናል። ይህን እያሰባችሁ የሚከተለውን ምንባብ በጽሞና አንብቡ።

ምንባብ፦ አዲስ የተወለደ ውርንጭላና የደም መመረዝ

ባዝራ የምታረግዘው ለአሥራ አንድ ወር ያህል ነው። ይህን ያህል ተጠብቆ የተወለደውን ውርንጭላ ግን በጥቂት ቀናት ውስጥ ሊገድል የሚችል በሽታ አለ፤ እርሱም ባክቴሪያ ወደ ደም ገብቶ በመላ አካል ሲሠራጭ የሚመጣው የደም መመረዝ ነው።

የሰው ልጅ ገና በማሕፀን ሳለ በሽታን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮችን ከእናቱ ደም ያገኛል። የባዝራ የእንግዴ ልጅ ግን እነዚህን ንጥረ ነገሮች አያሳልፍም። ስለዚህ ውርንጭላ ሲወለድ በደሙ ውስጥ መከላከያ የለውም ማለት ይቻላል። መከላከያውን የሚያገኘው ከእናቱ የመጀመሪያ ወተት፣ ማለትም ከእንገር ነው። አንጀቱም እነዚህን ንጥረ ነገሮች ወደ ደም የሚያሳልፈው ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ይህ ችሎታው በመጀመሪያዎቹ 6 ሰዓታት ከፍተኛ ሲሆን፣ እየቀነሰ ሄዶ በ24 ሰዓት ገደማ ያከትማል። ከዚያ ወዲያ የሚጠባው እንገር ሆዱን ቢሞላም ደሙን አይጠብቅለትም።

ኢ. ኮላይን የመሳሰሉ ባክቴሪያዎች በፋንድያና በቆሸሸ ጉዝጓዝ ውስጥ ይገኛሉ። ወደ ውርንጭላው ሰውነት የሚገቡት ባልደረቀ እትብት፣ በአፍ ወይም በመተንፈሻ አካል ነው። አንዳንድ ጊዜም የእንግዴ ልጁ በመታመሙ ምክንያት ገና በማሕፀን ሳለ ይይዙታል።

ጤናማ ውርንጭላ በተወለደ በ1 ሰዓት ውስጥ ይቆማል፤ በ2 ሰዓት ውስጥም ይጠባል። በደም መመረዝ የተያዘው ግን ይደክማል፤ መተኛት ያበዛል፤ መጥባትም ይተዋል። በመሆኑም የእናቱ ግት በወተት ተወጥሮ ይታያል። ቆይቶም የእግሩ መጋጠሚያዎች ሊያብጡና ሊያነክስ ይችላል። ትኩሳት ሁልጊዜ ስለማይታይ፣ ትኩሳት የለውም ብሎ መዘናጋት አደገኛ ነው።

የእንስሳት ሐኪም የውርንጭላውን ደም መርምሮ መከላከያው በቂ መሆን አለመሆኑን ሊያውቅ ይችላል። በቂ ካልሆነ ከጤናማ ፈረስ ደም የተለየ ፕላዝማ በደም ሥር ይሰጠዋል፤ በሽታው ከጀመረም ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ያዝለታል። ይሁን እንጂ ንጹሕና ደረቅ ጉዝጓዝ ማዘጋጀት፣ እትብቱን ሐኪም ባዘዘው ፀረ ተሕዋስያን ፈሳሽ መንከርና እንገሩን በጊዜው ማስጠባት ከሕክምናው ሁሉ ይቀድማል።

ማብራሪያ

ቀጥለው የተጻፉትን ሁለት ዐረፍተ ነገሮች አስተያዩ።

ሀ. ውርንጭላው እንገር በጊዜው ስላልጠባ ታመመ።
ለ. ውርንጭላው ስለታመመ መጥባት ተወ።

«ስለ» ከግሥ ጋር ተያይዞ ሲገባ ምክንያቱን ያመለክታል፤ ውጤቱን የሚናገረው በመጨረሻ የሚገኘው ማሰሪያ አንቀጽ ነው። በ«ሀ» አለመጥባት ምክንያት ነው፤ በ«ለ» ግን ውጤት ሆኗል። ሁለቱም ዐረፍተ ነገሮች በሰዋስው ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም በእውን ይደርሳሉ። የሚለያቸው ጊዜ ነው። ከተወለደ ጀምሮ ጨርሶ ያልጠባ ውርንጭላ መከላከያ የለውም። ሁለት ቀን ሙሉ ሲጠባ ቆይቶ ድንገት የተወ ውርንጭላ ግን ምናልባት በሽታው ጀምሮታል። ባለቤቱ ለሐኪሙ «አልጠባም» ብቻ ብሎ ቢናገር፣ ሐኪሙ ከሁለቱ የትኛው እንደ ሆነ አይረዳም፤ ሲጠይቅና ሲያጣራም ውድ ሰዓት ያልፋል። እንግዲህ ምክንያትን ስትጽፉ ጊዜውን አብራችሁ ጻፉ።

ውጤቱን አስቀድማችሁ ምክንያቱን ለማስከተል ስትፈልጉ «ምክንያቱም» በሚለው ቃል ተጠቀሙ።

ምሳሌ፦ ውርንጭላው ታመመ፤ ምክንያቱም እንገር በጊዜው አልጠባም።

ማሳሰቢያ፦ አንድ ነገር ሌላውን ስለተከተለ ብቻ የእርሱ ውጤት ነው ማለት አይደለም። «ውርንጭላው ሌሊት ተወለደ፤ በማግሥቱም ታመመ» ቢባል፣ ሌሊት መወለዱ የበሽታው ምክንያት ነው አያሰኝም።

መልመጃ

1. ከምንባቡ ውስጥ አራት ምክንያቶችን ከነውጤቶቻቸው አውጥታችሁ በደብተራችሁ ጻፉ።
2. የሚከተሉትን ጥንድ ዐረፍተ ነገሮች በመጀመሪያ በ«ስለ»፣ ቀጥሎም በ«ምክንያቱም» አያይዙ።
ሀ. ጉዝጓዙ ቆሽሾ ነበር። ባክቴሪያ በእትብቱ ገባ።
ለ. ውርንጭላው መጥባት ተወ። የባዝራዋ ግት ተወጠረ።
3. ባዝራ፣ እንገር፣ ግት፣ ፋንድያና ጉዝጓዝ የሚሉትን ቃላት እያስገባችሁ የየራሳችሁን ዐረፍተ ነገር ሥሩ።
4. የጎረቤታችሁ ባዝራ ሌሊት ወልዳ ውርንጭላው እስከ ረፋድ ድረስ አልጠባም እንበል። ባለቤቱ ለእንስሳት ሐኪም የሚልኩትን አጭር ደብዳቤ እናንተ ጻፉላቸው። የተወለደበትን፣ የቆመበትንና ለመጥባት የሞከረበትን ሰዓት በቅደም ተከተል ግለጹ።
5. «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ከምንባቡ ጋር አዛምዳችሁ አንድ አንቀጽ ጻፉ።