ፎርማት ከማድረግህ በፊት

አንተ ልጅ፣ እጅህን ከኪቦርዱ አንሳ እስኪ! ፎርማት የምትለውን ነገር ለጊዜው እርሳው። መብራት የጠፋው ኡቡንቱው አፕዴት እየጫነ ሳለ ነው አይደል? እንግዲያው ፕሮግራሞቹ ደህና ሆነው መዝገቡ ብቻ ተዛብቶ ይሆናል።

የቱ ፓኬጅ እንደተጫነ፣ የቱ ግማሽ ላይ እንደቀረ የሚጻፈው አንድ ተራ የጽሑፍ ፋይል ላይ ነው። ቫር፣ ከዚያ ሊብ፣ ከዚያ ዲፒኬጂ ግባ፤ «ስታተስ» የሚለው እሱ ነው።

በቀላሉ እንጀምር። ሱዶ ብለህ ዲፒኬጂ፣ ሰረዝ ሰረዝ ኮንፊገር፣ ሰረዝ ኤ። ተጀምሮ የቀረውን ይጨርሰዋል። ሌላ ፓኬጅ ጎድሎኛል ካለህ አፕትን በፊክስ ብሮክን አስነሳው። ብዙ ጊዜ ከዚህ አያልፍም።

«ሎክ ተይዟል» ቢልህስ? ማንም ምን ይበልህ፣ ሎክ ፋይሉን እንዳትሰርዝ። ከጀርባ ሲስተሙን በራሱ የሚያድስ ፕሮግራም ይኖራል፤ ሎኩ የተቀመጠው ሁለት ፕሮግራም በአንድ ጊዜ መዝገቡ ላይ እንዳይጽፍ ነው። ማን እንደያዘው እይና እስኪጨርስ ጠብቅ። መዝገብ ከሚያበላሹ ሰዎች ግማሹ፣ በእኔ ግምት፣ እዚህች ላይ ትዕግሥት ያጡ ናቸው።

ስታተስን ማንበብ አልቻልኩም ብሎ የመስመር ቁጥር ከጠራልህ ግን ጉዳቱ እውነት ነው። መጀመሪያ ዲስኩ ሞልቶ እንደሆነ በዲኤፍ እይ፤ ከሞላ ቦታ ሳታስለቅቅ የምትሠራው ሁሉ ከንቱ ነው። ከዚያ የተበላሸውን ፋይል ኮፒ አድርገህ ሌላ ቦታ አስቀምጥና የተጠራውን መስመር በናኖ ክፈት። የተዛባው አንድ መስመር ከሆነ አስተካክለው። ፋይሉ ባዶ ወይም ዝባዝንኬ ከሆነ አጠገቡ «ስታተስ ኦልድ» አለ፤ ከመጨረሻው ለውጥ በፊት የነበረው ቅጂ ስለሆነ በእሱ ተካው። እሱም ከተበላሸ ቫር ውስጥ ባክአፕስ የሚባል ፎልደር አለ፤ የዲፒኬጂ ስታተስ ቅጂዎች እዚያ በቁጥር ተደርድረዋል። ዜሮ የሚለው አዲሱ ነው፤ የቆዩት በጂዚፕ ታሽገዋል።

ብቻ አሮጌ ቅጂ ስትመልስ ከዚያ ወዲህ የጫንከውን አያውቅልህም። ቫር ሎግ ውስጥ ያለውን የዲፒኬጂ ሎግ ከታች ወደ ላይ አንብብና በቅጂው የሌሉትን በአፕት ሪኢንስቶል መልሰህ ጫናቸው። የአንድ ፓኬጅ የፋይል ዝርዝር ጠፋ ቢልህም መድኃኒቱ ያው ሪኢንስቶል ነው።

በል አሁን ጻፍ። ፓስወርድህን ስታስገባ ፊቴን አዞራለሁ።