ሟችን መተካት ወይስ ሟችን መጥራት? ቴአትራዊ የመቃብር ጉዞ ከፒያሳ እስከ ቅድስት ሥላሴ

መግቢያ

ቴአትራዊ የመቃብር ጉዞ የአንድን አካባቢ ታሪክ በእግር እየተዘዋወሩ፣ በመካነ መቃብር በሚሰማ የተዋንያን ድምፅና ድርጊት አማካይነት የሚማሩበት ስልት ነው። በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ ከተሞች የተለመደው መልኩ የታወቀ ነው። ተዋናዩ የሟቹን ዘመን ልብስ ለብሶ በመቃብሩ ራስጌ ይቆምና «እኔ እገሌ ነኝ» ብሎ የሕይወት ታሪኩን ይተርካል፤ ተመልካቹም ወደ ሌላው መቃብር ያልፋል። በአንዳንድ ስፍራ፣ ለምሳሌ በኤደንብራው ግሬይፍራየርስ መካነ መቃብር፣ የምሽት የመናፍስት ጉብኝት ማስፈራትን ራሱን መስሕብ አድርጎታል።

ይህ ጽሑፍ ስልቱ በአዲስ አበባ እምብርት፣ ከፒያሳ እስከ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ባለው መንገድ፣ ምን መልክ ሊይዝ እንደሚገባ ይመረምራል። መከራከሪያው የሚያተኩረው በሰዋስው መደብ ላይ ነው። በዚህ መንገድ ላይ የሚሠራ ትዕይንት በጎዳና ስለ ሰው በሦስተኛ መደብ ሊተርክ፣ በአደባባይ ሐውልት ሥር በአንደኛ መደብ ሊናገር ይችላል። በመቃብር ፊት ግን ሊጠቀምበት የሚገባው ሁለተኛው መደብ ነው፤ ተዋናዩ ሟቹን ሊጠራው እንጂ ሊተካው አይገባም። ለዚህ የሚሆነው ጥበባዊ ሥርዓትም በሙሾ ውስጥ ለዘመናት ሲሠራበት ኖሯል።

የጉዳዩ አንገብጋቢነት

የአራዳ ታሪክ በሁለት ነገሮች ተጠብቆ ቆይቷል፤ በቤቶቹና በነዋሪዎቹ ትዝታ። ሁለቱም ተናግተዋል። በጊዮርጊስ አካባቢ የነበረው ትልቁ የአራዳ ገበያ በጣልያን ወረራ ዘመን ወደ ምዕራብ፣ ዛሬ መርካቶ ወደሚባለው ሰፈር ሲዛወር አካባቢው ስሙን ካተረፈበት ሥራ ተለየ። «ፒያሳ» የሚለው ስያሜ ራሱ ከጣልያንኛ የመጣ ነው፤ ትርጉሙም አደባባይ ማለት ነው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በኮሪደር ልማት ሥራ በርካታ ነባር ቤቶች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ሌሎች የከተማዪቱ ክፍሎች ሄደዋል። በዚያው ዓመት የካቲት ወር የዓድዋ ድል መታሰቢያ በፒያሳ ተመርቋል። ስለዚህ አንድ ሰፈር በአንድ ዓመት ውስጥ ትልቅ የመታሰቢያ ተቋም አገኘ፤ «ይህ የእገሌ ቤት ነበር» የሚሉ ጎረቤቶቹን ግን አጣ።

ፈረንሳዊው የታሪክ ምሁር ፒዬር ኖራ የመታሰቢያ ሥፍራዎች የሚበዙት ሕያው የሆነው የትዝታ አካባቢ ሲጠፋ ነው ይላል። የአራዳ ሁኔታ ይህን አስተያየት ያጠናክራል። ቤት ይፈርሳል፤ ሐውልትም ቢሆን ይንቀሳቀሳል። የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በ1923 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ዋዜማ ተመርቆ፣ በጣልያኖች ተነቅሎ፣ ከነጻነት በኋላ ተመልሷል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልትም በ2005 ዓ.ም. ለባቡር መሥመር ግንባታ ተነሥቶ በ2008 ዓ.ም. ወደ ቦታው ተመልሷል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ከቦታው ሳይናወጥ የሚቆየው መቃብር ነው። አካባቢውን የሚያስተምር ሰው ወደ መቃብር ማተኮሩ ከዚህ የተነሣ እንጂ ከእንግዳ ፋሽን የመጣ አይደለም።

የመንገዱ ታሪካዊ ይዘት

ከምኒልክ አደባባይ እስከ ቅድስት ሥላሴ ያለው ርቀት በእግር ለመሄድ የሚመች ነው። በሁለቱ ጫፎች መካከል ያለው ትስስር ግን ከርቀቱ ይልቅ ጥብቅ ነው። የመንገዱ መነሻ የሆነው የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ከዓድዋ ድል መታሰቢያነት ጋር የተያያዘ ነው። ንግሥት ዘውዲቱ በ1909 ዓ.ም.፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. የነገሡት በዚሁ ካቴድራል ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋን ከወረዱና በ1967 ዓ.ም. ከሞቱ በኋላ አጽማቸው በ1984 ዓ.ም. በቤተ መንግሥት ግቢ ተገኝቶ፣ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ዐረፈ። መንገደኛው የጉዞውን ሁለት ጫፎች ሲያገናኝ የአንድን ንጉሥ ዘመን ከዘውድ እስከ መቃብር ይሄደዋል።

በመካከል ሀገር ፍቅር ቴአትር ቤት አለ። ተቋሙ በ1927 ዓ.ም.፣ የኢጣልያ ወረራ በተቃረበበት ወቅት፣ ሕዝቡን በንግግርና በዜማ ለማነቃቃት በተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ይጀምራል። የማኅበሩ መሥራች መኰንን ሀብተ ወልድ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተገደሉ። ወንድማቸው ጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ከተረሸኑት ባለሥልጣናት አንዱ ናቸው፤ አጽማቸውም ዛሬ በቅድስት ሥላሴ ይገኛል። በሀገር ፍቅር መድረክ የጀመረው ድምፃዊ ጥላሁን ገሠሠም ሚያዝያ 2001 ዓ.ም. የተቀበረው እዚያው ነው። የቅዱስ ጊዮርጊስን የውስጥ ግድግዳ በሥዕሎቹ ያስጌጠው አፈወርቅ ተክሌም መቃብሩ በቅድስት ሥላሴ ነው። እንግዲህ የመቃብሩ ግቢ ከፒያሳ ተነጥሎ የሚታይ አይደለም፤ የፒያሳ ታሪክ ባለቤቶች ያረፉበት ነው።

አንደኛ መደብ በአደባባይ

በዚህ መንገድ ላይ ለቴአትር የተመቸ አንድ ታላቅ ክስተት አለ። አቡነ ጴጥሮስ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. በፋሺስት ጦር ተረሽነዋል፤ ስማቸውን የያዘው አደባባይም በመንገዱ መነሻ አጠገብ ይገኛል። ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» በተሰኘው ተውኔቱ ለእኚህ አባት በመጨረሻዋ ሰዓታቸው የራሳቸውን ድምፅ ሰጥቷቸዋል። ይህ ሥራ ከላይ የቀረበውን መከራከሪያ የሚቃወም ይመስላል፤ ሟች በአንደኛ መደብ እንዲናገር ያደርጋልና።

ልዩነቱ ግን በሥፍራው ላይ ነው። ተውኔቱ የመድረክ ሥራ ነው፤ ተመልካቹ ከግጥሙ፣ ከመብራቱና ከመድረኩ ወሰን የሚሰማው ድምፅ የገጣሚው ፈጠራ መሆኑን ያውቃል። ሐውልትም በተመሳሳይ መልኩ ምስል ነው፤ በአንድ ምስል ፊት ሌላ ምስል ቢቆም የሚጎዳ ነገር የለም። በየዓመቱ የካቲት 23 በምኒልክ ሐውልት ዙሪያ የጦረኛ ልብስ ለብሰው የሚፎክሩና የሚሸልሉ ሰዎች ያለ ማንም አስተማሪ ይህን ሲያደርጉ ይታያሉ። በመቃብር ግን ከሥር ያለው ምስል ሳይሆን አካል ነው። በአጠገቡ ሻማ የምታበራ እናት፣ ፍትሐት የሚያደርስ ካህን ሊኖር ይችላል። እዚያ «እኔ እገሌ ነኝ» የሚል ተዋናይ የሟቹን ቦታ ይሻማል። ጸጋዬ ራሱ ከየካቲት 1998 ዓ.ም. ጀምሮ በቅድስት ሥላሴ ማረፉ ነጥቡን ያጎላዋል። ድርሰቱ በአደባባይ ሊነበብ ይችላል፤ በመቃብሩ ራስጌ ግን ሌላ ሰው «እኔ ጸጋዬ ነኝ» ቢል ለሰሚው የሚቀረው ድርሰቱ ሳይሆን የተዋናዩ ድፍረት ነው።

ሁለተኛ መደብ በመቃብር፤ የሙሾ ትምህርት

ሙሾ አውራጅ ሟችን አትመስልም። በአብዛኛው ሟቹን «አንተ» ወይም «አንቺ» ብላ ትጠራለች፤ የዘር ሐረጉን፣ ሙያውንና ደግነቱን ትዘረዝራለች፤ ለምን ጥሎ እንደ ሄደ ትጠይቀዋለች። ለቀስተኛው ደግሞ ተመልካች ብቻ አይደለም፤ በዕንባና በምላሽ ግጥሙን ያጸድቃል። በጥንቱ የመኳንንትና የጦረኞች ልቅሶ ፈረሱ ተጭኖ፣ ጋሻውና ጦሩ፣ ልብሱም ለለቀስተኛው ይታይ ነበር። ሟቹን የሚወክለው ሌላ ሰው ሳይሆን የራሱ ዕቃ ነበር። በቴአትር ቋንቋ ይህ የተሟላ ሥርዓተ ትዕይንት ነው፤ አውራጅ አለ፣ ተቀባይ አለ፣ ቁሳቁስ አለ፣ የተወሰነ ቦታና ሰዓት አለ። የጎደለው ሟቹን የሚጫወት ተዋናይ ነው፤ የዚህ ቦታ ባዶ መሆኑም የሥርዓቱ ዋና ፍሬ ነገር ነው። ሞት የሚታወቀው በዚያ ባዶነት ነው።

ሙሾ ውዳሴ ብቻም አይደለም። በሰምና ወርቅ ሥር ወቀሳ፣ ቅሬታና ጥያቄ ይገባበታል። ይህ ባሕርይ ለታሪክ ትምህርት ከሕይወት ታሪክ ንግግር ይልቅ ይጠቅማል፤ የሚከተሉት ሁለት ምሳሌዎች ምክንያቱን ያሳያሉ።

የመጀመሪያው የሲልቪያ ፓንክረስት መቃብር ነው። እንግሊዛዊቷ የሴቶች መብት ታጋይ ከ1928 ዓ.ም. ጀምሮ በለንደን ባሳተሙት ጋዜጣ ለኢትዮጵያ ነጻነት ተከራከሩ፤ በኋላም ኑሯቸውን በአዲስ አበባ አደረጉ። በመስከረም 1953 ዓ.ም. ሲሞቱ በክብር የተቀበሩት በቅድስት ሥላሴ፣ የፋሺስት ወረራን የተፋለሙ አርበኞች በሚያርፉበት ስፍራ ነው። ልጃቸው የታሪክ ምሁሩ ሪቻርድ ፓንክረስትም በ2009 ዓ.ም. እዚያው ተቀብረዋል። አንዲት ተዋናይ እሳቸውን መስላ ብትቀርብ ትዕይንቱ በቋንቋ ቅላፄና በባርኔጣ ላይ ያተኩራል። «አንቺ ከሩቅ የመጣሽ፣ ከአርበኞቹ መካከል ለምን ተኛሽ?» ተብለው ቢጠሩ ግን ጥያቄው ወደ ታሪኩ ይመራል፤ የውጭ ሰው በምን ሥራ የአገር ወገን ይሆናል?

ሁለተኛው ምሳሌ የስልሳዎቹ ባለሥልጣናት መቃብር ነው። ከተገደሉት መካከል የንጉሠ ነገሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሮች የነበሩት አክሊሉ ሀብተ ወልድና እንዳልካቸው መኰንን አሉ። በዚያች ሌሊት የሞቱትና ከእነርሱ ጋር የሚቆጠሩት ሌተና ጄኔራል አማን ሚካኤል አንዶም ደግሞ ከጥቂት ጊዜ በፊት የደርጉ ሊቀ መንበር ነበሩ። በዚሁ ግቢ ንጉሠ ነገሥቱ አሉ፤ ደርግን የጣለውን ኃይል የመሩት ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊም ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ እዚያው ናቸው። ሦስት የማይታረቁ ዘመናት በአንድ ግቢ ተኝተዋል፤ ጎብኚውም ከሦስቱ የአንዱ ልጅ ሊሆን ይችላል። በአንደኛ መደብ የሚናገር ተዋናይ የግድ ለአንዱ ጠበቃ ይሆናል። ጠሪው ግን ለአክሊሉ አንድ ጥያቄ፣ ለአማን ሌላ ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል። መልሱን ሟቹ አይሰጥም፤ ሰሚው ከሰነድና ከቤተሰቡ ትዝታ ሊፈልገው ይገደዳል። የትምህርቱ ፍሬም በዚህ ፍለጋ ይገኛል።

የአተገባበር መርሆዎች

ከዚህ ትንተና አራት መርሆዎች ይመነጫሉ።

አንደኛ፣ ጉዞው በሦስት መደቦች ይደራጅ። በጎዳናው ላይ መሪው በሦስተኛ መደብ ይተርክ፤ የፈረሱትን ቤቶች ስምና አገልግሎት የሚያውቁ የቀድሞ ነዋሪዎችም ተራኪ ሆነው ይሳተፉ። በአደባባዮቹና በሀገር ፍቅር ግቢ የተውኔት ቅንጫቢ ይቅረብ። ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር በር ጀምሮ ገጸ ባሕርይ መጫወትም ሆነ የትዕይንት ልብስ ይቅር።

ሁለተኛ፣ በግቢው የሚሆነው ሁሉ በካቴድራሉ አስተዳደር ፈቃድ ይሁን። የቅዳሴና የቀብር ሰዓት ይከበር፤ የድምፅ ማጉያ አይግባ። ቤተ ክርስቲያን ከመጠን ያለፈ ልቅሶን ስለማትደግፍ ጥሪው ዋይታን ሳይሆን የሙሾን ቅርጽ፣ ማለትም ስምን፣ ሥራንና ጥያቄን ብቻ ይውሰድ።

ሦስተኛ፣ የቅርብ ዘመድ ባላቸው መቃብሮች ፊት ያለ ቤተሰብ ፈቃድ ምንም አይባል።

አራተኛ፣ እያንዳንዱ ጥሪ በታሪክ ባለሙያ ይታይ። በዚህ ረገድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙት የዮፍታሔ ንጉሤ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤትና የታሪክ ትምህርት ክፍል በጋራ ቢሠሩ የሁለቱም ተመራቂ ተማሪዎች ይጠቀማሉ፤ የታሪክ ተማሪው ሰነዱን፣ የቴአትር ተማሪው ድምፁን ያበረክታልና።

መደምደሚያ

ቴአትራዊ የመቃብር ጉዞ በአራዳ እንግዳ ተክል መሆን የለበትም። አካባቢው የራሱ ተውኔት፣ የራሱ የአደባባይ ፉከራ፣ የራሱም የልቅሶ ሥርዓት አለው። የስልቱ አደጋ መቃብርን መድረክ፣ ሟችንም ገጸ ባሕርይ ማድረጉ ነው። ሙሾ ከዚህ አደጋ መውጫውን ያሳያል፤ በሙሾ የሟቹ ቦታ ባዶ እንደሆነ ይቆያል፤ ሕያዋንም በዙሪያው ቆመው ይጠሩታል። ቤቶቹ በፈረሱበት፣ ጎረቤቱም በተበተነበት ሰፈር ይህ ጥሪ ሌላም ፋይዳ አለው። በየአቅጣጫው የሄዱት የአራዳ ልጆች ተመልሰው የሚገናኙበት ምክንያት ሊሆን ይችላል። ለቅሶ በኢትዮጵያ ከጥንት ጀምሮ የተበተነ ቤተሰብን የሚሰበስብ ሥርዓት ነውና።