ናይሮቢ ለሚሄድ ሰው፦ የከተማዋ አመጣጥና ሊታዩ የሚገባቸው ቦታዎች

ከካኩማ ለሕክምና ሪፈራል ወይም ለኢንተርቪው ፓስ አውጥቶ ናይሮቢ ደርሶ የተመለሰን ሰው «ምን አየህ?» ብለን ብንጠይቀው፣ ብዙ ጊዜ መልሱ «ኢስሊን» የሚል ነው። ኢስሊን አንጠላም። እንጀራ አለ፣ ቡና አለ፣ የአገር ሰው አለ። ነገር ግን ቀጠሮው ከጧቱ አምስት ሰዓት ካለቀ፣ የቀረውን ቀን በተከራዩት ክፍል ተኝቶ መዋል ያሳዝናል። ያ ፓስ ደግሞ በየዓመቱ የሚገኝ አይደለም።

ይህን ትምህርት ያዘጋጀነው ለሁለት ዓይነት ሰዎች ነው። አንደኛው ነገ አውቶቡስ የሚሳፈረው ነው። ሁለተኛው እዚህ ተወልዶ፣ ከሎድዋር ያለፈ ከተማ ሳያይ ያደገው ተማሪያችን ነው። እሱ ለጊዜው ከተማዋን በወረቀት ይጎብኛት። ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ናይሮቢ እንደ ጎንደር ንጉሥ የቆረቆራት፣ እንደ ሐረርም አሚር በግንብ ያጠራት ከተማ አይደለችም። ባቡር የወለዳት ናት። በዚህ የምትመስለው ድሬዳዋን ነው። እንግሊዞች ከሞምባሳ ወደ ቪክቶሪያ ሐይቅ የሚሄደውን ሐዲድ መዘርጋት የጀመሩት በ1896 ነበር። ከጅቡቲ የተነሣው የእኛ አገር ሐዲድ ሥራም በዓመቱ በ1897 ተጀመረ። የእንግሊዞቹ ሐዲድ በግንቦት 1899 ማሳዮች «ቀዝቃዛ ውሃ» ብለው ከሚጠሩት ረግረጋማ ሜዳ ደረሰ። «ናይሮቢ» የሚለው ስም የመጣው ከዚሁ የማሳይ አጠራር ነው። ከሜዳው ማዶ የስምጥ ሸለቆው ቁልቁለት አለ። መሐንዲሶቹ ያንን ከመጋፈጣቸው በፊት መጋዘንና ጋራዥ የሚያቆሙበት ደልዳላ ቦታና ውሃ ስለፈለጉ፣ እዚያው ድንኳን ተክለው ሰፈሩ። ለጊዜው የተባለው ሰፈር ሳይነሣ ቀረ። በ1905 የአስተዳደሩ መቀመጫ ከሞምባሳ ወደዚያው ተዛወረ። ይህን በክፍል ውስጥ ስናስተምር ተማሪዎቻችን ይስቃሉ። «እንግዲያስ እሷም ካምፕ ነበረች!» ይላሉ። ትክክል ናቸው፣ ካምፕ ነበረች።

ስለዚህ ጉብኝቱን ከባቡር ሙዚየሙ መጀመር ጥሩ ነው። በ1971 የተከፈተው ይህ ሙዚየም ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። በእንፋሎት ይሠሩ የነበሩ ትልልቅ ባቡሮች በግቢው ቆመዋል። ልጅ ይዞ የሄደ ሰው ቶሎ አይወጣም። ከፉርጎዎቹ አንዱ የራሱ ታሪክ አለው። በ1900 ኪማ በተባለ ጣቢያ ሰው የሚበላ አንበሳ አስቸግሮ ስለነበር፣ ራያል የተባለ የፖሊስ ሹም በፉርጎው ውስጥ ሆኖ ሊገድለው አደባ። እንቅልፍ ጣለው። አንበሳው ገብቶ ጎትቶት ወጣ። ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ይወራል፤ እኛ ግን ከአንበሳው ይልቅ ስለ ሠራተኞቹ እንድታስቡ እንፈልጋለን። ሐዲዱን ለመሥራት ከሕንድ ከ30 ሺህ በላይ ሠራተኞች መጥተው ነበር። ከእነዚህ ወደ 2,500 ያህሉ በሥራው ላይ ሞተዋል፤ አብዛኞቹን የገደለው አንበሳ ሳይሆን በሽታ ነው። ዛሬ በናይሮቢ የምታዩዋቸው ብዙ የሕንድ ሱቆችና ቤተ መቅደሶች ታሪካቸው ከዚያ ዘመን ጋር የተያያዘ ነው።

ጊዜያችሁ ለአንድ ቦታ ብቻ የሚበቃ ከሆነ ግን ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ሂዱ። ምክንያቱም እዚያ የምታገኙት የጎረቤቶቻችሁን የቱርካናዎችን ምድር ነው። በ1984 ካሞያ ኪሜዩ የተባለ ኬንያዊ አጥንት ፈላጊ፣ ከቱርካና ሐይቅ በስተምዕራብ ናሪዮኮቶሜ በተባለ ደረቅ ወንዝ አጠገብ፣ ከጥቁር ጠጠር መካከል አንድ ትንሽ የራስ ቅል ስባሪ አየ። ሲቆፈር የአንድ ልጅ አጽም ወጣ። ዕድሜው ወደ 1 ሚሊዮን 600 ሺህ ዓመት ይገመታል፤ በዚያ ዘመን ከነበሩት የሰው ዘመዶች ይህን ያህል የተሟላ አጽም የተገኘለት የለም። «የቱርካና ልጅ» ይባላል። የእኛዋ ሉሲ ወይም ድንቅነሽ በ1974 በአፋር ሐዳር የተገኘችው ናት፤ ዕድሜዋም 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ዓመት ያህል ነው። ሁለቱም የተገኙት በዚሁ በስምጥ ሸለቆ ነው። እዚህ ግቢያችን ውስጥ «ድንጋይና አቧራ ብቻ» እያልን የምናማርረው ምድር፣ ዓለም በሙሉ ሊመረምረው የሚመጣበት ምድር ነው። ካሞያ ኪሜዩ ደግሞ ዩኒቨርሲቲ ያልገባ፣ ጥቂት ዓመት ብቻ ተምሮ ሥራውን በዓይኑና በእግሩ የለመደ ሰው ነበር። በ2022 ሞተ። ተማሪዎች ይህን ስም በደብተራችሁ ጻፉት።

በሙዚየሙ ግቢ የአንድ ትልቅ ዝሆን ምስል ቆሟል። ይህ የማርሳቢቱ አሕመድ ነው። በሞያሌ በኩል የመጣ ሁሉ ማርሳቢትን ያውቃታል። የአሕመድ ጥርሶች እጅግ ረጃጅም ስለነበሩ አዳኞች እንዳይገድሉት ፕሬዚዳንት ጆሞ ኬንያታ በ1970 በአዋጅ ከለላ ሰጥተውት፣ ዘበኛ ተመድቦለት ኖሮ በ1974 በተፈጥሮ ሞት ሞተ። ወረቀት ያለው ዝሆን መሆኑ ነው።

በመሐል ከተማ ኡሁሩ ፓርክ አለ። ላየው ሰው ሣርና ኩሬ ነው፤ ታሪኩን ላወቀ ግን ሌላ ነው። በ1989 የወቅቱ ገዢ ፓርቲ በዚህ መናፈሻ ላይ 60 ፎቅ ሕንፃ ሊሠራ ተነሣ። ዋንጋሪ ማታይ የተባሉ ሴት ምሁር በደብዳቤ ተቃወሙ። ተሰደቡ፣ ከቢሯቸውም እንዲለቁ ተደረገ፤ በመጨረሻ ግን ገንዘብ አበዳሪዎቹ ስላፈገፈጉ ሕንፃው ቀረ። በ1992 የፖለቲካ እስረኞች እናቶች በዚያው መናፈሻ ጥግ ተቀምጠው ልጆቻችን ይፈቱ ሲሉ ምግብ አንበላም አሉ፤ ፖሊስ ደብድቦ በተናቸው። እናቶቹ በአቅራቢያው ወዳለው ካቴድራል ገብተው ትግሉን ቀጠሉ። አብዛኞቹ እስረኞች በ1993 ተፈቱ። በ2004 ዋንጋሪ ማታይ የኖቤል የሰላም ሽልማት ተሸለሙ። የልጅን መታሰር የምታውቅ እናት በመካከላችን ስላለች ይህን በረዥሙ ጻፍነው።

ከባቡር ጣቢያው ብዙም ሳይርቅ በንጉሠ ነገሥታችን ስም የተሰየመ ጎዳና አለ፤ ኃይለ ሥላሴ አቬኑ። ይህ ጎዳና ከሞይ አቬኑ በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ በነሐሴ 1998 በአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በደረሰው ፍንዳታ ለሞቱት የቆመ መታሰቢያ አለ። በናይሮቢ 213 ሰዎች ሞተዋል፤ እጅግ የሚበዙት ኬንያውያን ናቸው። አጠገቡ የነበረው ሕንፃ በሰው ላይ ተደርምሶ ነበር። ስማቸው በግድግዳው ተጽፏል። ገብታችሁ ድምፃችሁን ዝቅ አድርጉ።

ዛፍ የናፈቀው ሰው ወደ አርቦሬተም ይሂድ። በ1907 የተተከለው ለባቡሩ ማገዶ የሚሆን ቶሎ የሚያድግ የውጭ ዛፍ ለመሞከር ነው። አዲስ አበባም በምኒልክ ጊዜ የማገዶ ችግሯን ያቃለለችው በባሕር ዛፍ ነውና ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሰፊ ደን የሚፈልግ ካሩራ አለለት፤ ስፋቱ 1,000 ሔክታር ያህል ነው፣ ፏፏቴና ዋሻም አለው። እሱንም ከመሬት ቀራሚዎች ለማዳን ዋንጋሪ ማታይ በ1999 ችግኝ ሊተክሉ ሄደው ተደብድበዋል።

በ1946 የተከለለው፣ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሆነው ብሔራዊ የአራዊት ፓርክ ከከተማው ጋር ይዋሰናል። አንበሳውና ፎቁ በአንድ ዓይን ይታያሉ። ሆኖም መኪና ስለሚያስፈልገው ለእኛ ኪስ አይሆንም፤ በሩ አጠገብ በእግር የሚኬድበት ክፍል ይሻላል።

አሁን ስለ አካሄዱ ጥቂት እንበል። መንገድ ላይ እንያዛለን የሚለው ፍርሃት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ ስለዚህ ፓሱን ዋናውን ያዙ፣ የሚያበቃበትን ቀን አስቀድማችሁ አንብቡ፣ ያረፋችሁበትን ሰፈር ስም በወረቀት ጻፉ፣ ሳይመሽ ግቡ። የመንግሥት ሕንፃና ወታደር ፎቶ አታንሡ። የመግቢያ ዋጋ ለዜጋና ለውጭ ሰው ይለያያል፤ የስደተኛ መታወቂያችሁን አሳይታችሁ በየትኛው እንደምትከፍሉ በሩ ላይ ጠይቁ። ብዙ ቦታ የሚከፈለው በስልክ ስለሆነ በስልካችሁ ገንዘብ አስገቡ። በኬንያ ፌስታል ከ2017 ጀምሮ ክልክል ነው። ከ2020 ወዲህ ደግሞ በፓርክና በደን ውስጥ የሚጣል የፕላስቲክ ውሃ ጠርሙስ ይዞ መግባት አይፈቀድም፤ የራሳችሁን ኮዳ ያዙ።

ለተማሪዎች፦ ናይሮቢንና ድሬዳዋን በአመጣጣቸው አወዳድሩ። የቱርካናው ልጅ ከድንቅነሽ በስንት ዓመት ያንሳል? በሰፈራችሁ የሚኖሩ አንድ የቱርካና ሽማግሌ ጠይቃችሁ በአካባቢው ያለ የአንድ ወንዝ ወይም ተራራ ስም ትርጉሙን ጽፋችሁ አምጡ። ከናይሮቢ የሚመለስ ሰው ደግሞ የሙዚየሙን ትኬት ቁራጭ አይጣል፤ በክፍላችን ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን።