የጠመንጃ መደገፊያ ስለ መምረጥ

በቡሬና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ያለው አገር ለም ነው። ፈጣም፣ ላህና ብር የሚባሉት ወንዞች የደጋውን ውኃ እየሰበሰቡ በመጨረሻ ወደ ዓባይ ይወስዱታል። በየሸለቆው ጥሻ አለ፤ በጥሻውም ድኩላና ሚዳቋ፣ ከርከሮና ዝንጀሮ ይኖራሉ። በቆሎው እሸት በያዘ ጊዜ ዝንጀሮው እየሰበረ፣ ከርከሮው እየቆፈረ የገበሬውን ድካም ያጠፋል። ስለዚህ በዚህ አገር ጠመንጃ የአርበኛና የአዳኝ ብቻ ሳይሆን የሰብል ጠባቂም መሣሪያ ሆኖ ኖረ።

ልጆች ሆይ፤ ጠመንጃ ለልጅ እጅ የሚሰጥ ዕቃ አይደለም። ነገር ግን ብልህ አዳኝ ጠመንጃውን ሳያስደግፍ የማይተኩስበትን ምክንያት ማወቅ ለልጅም ይጠቅማል። ይህ ነገር ስለ ጠመንጃ ብቻ የሚያስተምር አይደለምና።

ሰው ቆሞ ጠመንጃ ሲደግን እጁ የረጋ ይመስለዋል፤ ነገር ግን አልረጋም። ልቡ ይመታል፤ ደረቱ በትንፋሽ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ክንዱም በጠመንጃው ክብደት ይዝላል። በዚህ ሁሉ አፈሙዙ ይንቀጠቀጣል። መንቀጥቀጡ ጥቂት ነው ብላችሁ አትናቁት። ሰደፉ በትከሻ ላይ ሳለ፣ ከትከሻው 1 ሜትር የሚርቀው አፈሙዝ 1 ሚሊሜትር ብቻ ቢያዘነብል፣ እርሳሱ በ100 ሜትር ላይ 10 ሳንቲሜትር ይስታል። በ200 ሜትር ላይ 20 ሳንቲሜትር ይስታል። በመነሻው የጤፍ ቅንጣት የሚያህል ስሕተት በመድረሻው ወደ ስንዝር ይጠጋል ማለት ነው።

ስለዚህ አዳኞች መደገፊያ ፈለጉ። መደገፊያውም ብዙ ዓይነት ነው። አንዱ ባላ ነው፤ ይኸውም ጫፉ እንደ መንታ ቀንድ የተከፈለ እንጨት ነው። ሁለተኛው ምድር ራሷ የሰጠችው ነው፤ ኩይሳ፣ የወደቀ ግንድ፣ የድንጋይ ካብ። ሦስተኛው የሰው የገዛ አካሉ ነው፤ በርከክ ብሎ ክንዱን በጉልበቱ ላይ ያኖራል፤ ወይም በሆዱ ተኝቶ ሁለቱን ክርኖቹን በምድር ላይ ይተክላል።

ከእነዚህ የሚሻለው የትኛው ነው ብትሉ፣ መልሱ እንደ ቦታው ነው። ክረምት አልፎ ሣሩ ቁመት ባወጣ ጊዜ በሆዱ የተኛ ሰው ከሣር በቀር ምንም አያይም፤ ለእርሱ ረጅም ባላ ይሻለዋል። በበጋ፣ አዝመራው ታጭዶ ሜዳው በተገለጠ ጊዜ ግን ተኝቶ መተኮስ ከሁሉ ይልቅ ይረጋል። በገደል አፋፍ ላይ ላለ ሰው ካቡ ወይም ድንጋዩ ይበቃዋል።

መልካም መደገፊያ አራት ነገር ሊኖረው ይገባል። አንደኛ ጽኑ ይሁን። ለባላ የሚሆነው እንደ ወይራና እንደ ክትክታ ያለ ጠንካራ እንጨት ነው፤ የሚለመጥ እንጨት ከእጅ ጋር አብሮ ይንቀጠቀጣል እንጂ እጅን አያሳርፍም። ሁለተኛ ቁመቱ ለተኳሹ የተስማማ ይሁን። እጅግ ቢያጥር ያጎብጠዋል፤ እጅግ ቢረዝም ያንጠራራዋል፤ የጎበጠም የተንጠራራም ሰው አይረጋም። ሦስተኛ ራሱ ለስላሳ ይሁን። ጠመንጃ በድንጋይ ላይ እንዲሁ ቢቀመጥ ሲተኮስ ነጥሮ ይነሣል፤ ጥይቱም ከታለመበት በላይ ይሄዳል። ስለዚህ አዋቂ ተኳሽ የታጠፈ ጋቢ ወይም እፍኝ ሣር በመካከሉ ያኖራል፤ ያም ባይኖር የገዛ መዳፉን ያነጥፋል። የሚያስደግፈውም ከፊት ያለውን የጠመንጃውን እንጨት ነው እንጂ የአፈሙዙን ብረት አይደለም። አራተኛ በቅርብ የሚገኝ ይሁን፤ በቤት የተረሳ ባላ በዱር ማንንም አይረዳምና።

የቀድሞ ሰዎች ለዚህ ነገር የተጠነቀቁበት ሌላም ምክንያት ነበራቸው። በጎጃምም በሌላውም የኢትዮጵያ ክፍል ብዙ ሰው ይይዘው የነበረው ጠመንጃ ውጅግራ ነበረ። ይህ ጠመንጃ በ1874 እ.ኤ.አ. በፈረንሳይ አገር የወጣ ሲሆን፣ ስሙም ከሠሪው ከግራ ስም የመጣ ነው። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋም ተዋግቶበታል። ውጅግራ በአንድ ጊዜ የሚጎርሰው አንድ ጥይት ብቻ ነው። የሳተ ሰው እስኪያጎርስ ድረስ አውሬው አይጠብቀውም። ደግሞም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ፣ ጠላት አገሩን በያዘ ጊዜ፣ የጎጃም አርበኞች በጥይት እጦት ብዙ ተቸግረዋል። በዚያ ዘመን ጥይትን በከንቱ ማባከን የወንድምን ነፍስ እንደ ማባከን ነበረ። በቡሬ የነበረው የኢጣልያ ጦር ምሽጉን ለቆ የሄደው በየካቲት 1933 ዓ.ም. ነው።

አሁን ሁለት ሰብል ጠባቂዎችን በልባችሁ አስቡ። አንዱ ባላ ይዞ ይሄዳል፤ ሌላው ግን፣ «ባላ የሽማግሌ ምርኩዝ ነው፤ የወንድ ክንድ ለራሱ ይበቃል» ብሎ ይስቅበታል። ከርከሮ ከበቆሎው በወጣ ጊዜ ክንዱን የተመካው ሰው ፈጥኖ ቆሞ ተኮሰ። ጥይቱ ሽንጡን ጫረው እንጂ አልገደለውም፤ ከርከሮውም እየደማ ወደ ጥሻው ገባ። ሰውዬው፣ «ይሂድ፤ ይሞታል» ብሎ ወደ ቤቱ ተመለሰ። በማግሥቱ ከብት የሚጠብቅ ልጅ በዚያ ጥሻ አጠገብ ሲያልፍ፣ በሕመም የተቈጣው አውሬ ወጥቶ በጥርሱ ጭኑን ቀደደው። ልጁ ያልተኮሰው ጥይት ዕዳ በእርሱ ላይ ወደቀ።

ባላ የያዘውስ ምን አደረገ? ሌላ ከርከሮ ባየ ጊዜ ባላውን ተከለ፤ ጠመንጃውን አስቀመጠ፤ ትንፋሹን በከፊል አውጥቶ ያዘ። ይህን ሲያደርግ ከአውሬው በስተኋላ ያለውን ለማየት ጊዜ አገኘ። እነሆ፣ ከአውሬው ጀርባ የውኃ መንገድ ነበረ፤ ሴቶችም እንስራ ተሸክመው ይመጡ ነበር። የጦር ጠመንጃ ጥይት ከ3 ኪሎሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ አውሬውን ቢስት በሴቶቹ ላይ በደረሰ ነበር። ስለዚህ ጣቱን ከምላጩ አነሣ። ከርከሮውም አመለጠ፤ ጥቂት በቆሎም ጠፋ፤ የሰው ደም ግን አልፈሰሰም።

እንግዲህ ልብ አድርጉ። መደገፊያ የሚያሳርፈው ክንድን ብቻ አይደለም፤ ዓይንንና አሳብንም ያሳርፋል። የቸኮለ ሰው አውሬውን ብቻ ያያል፤ የረጋ ሰው ግን ከአውሬው በስተኋላ ያለውን ደግሞ ያያል።

ነገር ግን ጠመንጃን ማስደገፍና ጠመንጃን ማቆም አንድ አይደሉም። የጎረሰ ጠመንጃ በዛፍ ወይም በግድግዳ ተደግፎ ቢተው፣ በነፋስ ወይም በውሻ ተነክቶ ወድቆ ሊተኩስ ይችላል። አስተዋይ ሰው ጥይቱን ሳያወጣ ጠመንጃውን ከእጁ አይለይም። ደግሞም ዱር ባለቤት የሌለው ጎተራ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። አውሬ ሰብል ያጠፋበት ገበሬም አስቀድሞ ነገሩን ለሚመለከተው ሹም ይነግራል።

ልጆች ሆይ፤ ጠመንጃ ባትይዙም አንደበት አላችሁ። ቃልም እንደ ጥይት ነው፤ ከወጣ በኋላ አይመለስም። በተቈጣችሁ ጊዜ ልባችሁ ይመታል፤ ትንፋሻችሁ ይፈጥናል፤ በዚያን ጊዜ የሚወጣ ቃል ያልታለመበትን ሰው ያቈስላል። ስለዚህ መደገፊያ ፈልጉ። የአባት ምክር፣ የእናት ቃል፣ የታማኝ ወዳጅ ተግሣጽ ጽኑ ባላ ነው። በእርሱ መደገፍ የደካማ ምልክት አይደለም፤ መሳት የማይወድ ሰው ጥበብ ነው እንጂ።

ጥያቄ።
1. አፈሙዙ 1 ሚሊሜትር ቢያዘነብል በ300 ሜትር ላይ ጥይቱ ስንት ሳንቲሜትር ይስታል?
2. መልካም መደገፊያ ሊኖረው የሚገባው አራት ነገር ምንድር ነው?
3. ባላ የያዘው ሰው ስለ ምን ሳይተኩስ ቀረ?
4. በቁጣ ጊዜ ለአንተ መደገፊያ የሚሆንህ ማን ነው?