መቃብሩ ያልታወቀ ሰው ይነሣልን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዐቢይ ጾም የምንጾመው 55 ቀን መድረሻው ትንሣኤ ነው። በጾሙ እኩሌታ፣ በአምስተኛው እሑድ በደብረ ዘይት፣ ቤተ ክርስቲያናችን ስለ ጌታችን ዳግም ምጽአትና ስለ ሙታን መነሣት ታስተምረናለች። ስለዚህ ፋሲካ እስኪደርስ ሳንጠብቅ፣ ገና በጾሙ ውስጥ ሳለን ስለ ትንሣኤ ልንማማር ይገባናል።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሡኝ አንዲት እናት ናቸው። ከዳባት ወደ ደባርቅ በሚሄድ መኪና ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነበር። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ዲያቆን መሆኔን ሲያውቁ እንዲህ ብለው ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ አንተ ተምረሃልና ንገረኝ። ልጄ በጦርነቱ ጊዜ እንደ ወጣ ቀረ። መርዶውን ነገሩኝ፤ የት እንደ ተቀበረ ግን የሚያውቅ የለም። አልተገነዘ፣ ፍትሐት አልደረሰለት። እንዲህ የሆነ ሰው በምጽአት ቀን ይነሣል ወይስ በዚያው ይቀራል?»

ይህ የእርሳቸው ጥያቄ ብቻ አይደለም። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ወር መጨረሻ፣ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ሲደርስ፣ በጭና ተክለ ሃይማኖት ብዙ ሰላማዊ ነዋሪዎች ተገድለዋል። በዚያው ክረምት ከአዲ አርቃይና ከጠለምት በኩል ተፈናቅለው ደባርቅና ዳባት ከተጠለሉት መካከል የሞተ ዘመዳቸውን ሳይቀብሩ የመጡ ነበሩ። በየቤቱ ይህ ጥያቄ በዝምታ ተቀምጧል። እንግዲህ መጻሕፍትና ሥርዓታችን የሚሉትን በቅደም ተከተል እንይ።

1. ትንሣኤ ምንድን ነው?

ትንሣኤ ማለት መነሣት ነው። ሊቃውንቱ በአምስት ከፍለው ያስተምሩናል። እግዚአብሔርን ማሰብ ትንሣኤ ኅሊና ይባላል። ቃሉን በማስተዋል መስማት ትንሣኤ ልቡና ነው። ሦስተኛው እንደ አልዓዛርና እንደ ናይን መበለት ልጅ ለጊዜው በተአምራት ተነሥቶ ኋላ እንደገና መሞት ነው። አራተኛው የጌታችን ትንሣኤ ነው፤ እርሱ በገዛ ሥልጣኑ ተነሥቷልና ዳግመኛ ሞት አያገኘውም። አምስተኛው ትንሣኤ ዘጉባኤ ነው፤ ይኸውም ከአዳም ጀምሮ የሞተ ሰው ሁሉ በአንድነት የሚነሣበት ነው።

የሙታን ትንሣኤ ከአምስቱ አዕማደ ምሥጢር አንዱ ነው። በ381 ዓ.ም. በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት 150ው ሊቃውንት በጸሎተ ሃይማኖት ውስጥ አስገብተውታል፤ በየቅዳሴው የምንመሰክረውም ይህንኑ ነው። ቅዱስ ጳውሎስም ክርስቶስ ካልተነሣ ስብከታችንም እምነታችሁም ባዶ ነው ሲል አስተምሯል (1ኛ ቆሮ. 15፥14)።

2. የሚነሣው የትኛው ሥጋ ነው?

የሚነሣው ይኸው የለበስነው ሥጋ ነው። ጌታችን ከተነሣ በኋላ ለደቀ መዛሙርቱ እጁንና እግሩን አሳያቸው፤ በፊታቸውም በላ (ሉቃ. 24፥39-43)። ቶማስን የችንካሩን ምልክትና የተወጋ ጎኑን እንዲዳስስ ጠራው (ዮሐ. 20፥27)። ቁስሉ ከነምልክቱ መታየቱ የተሰቀለው ሥጋ ያው መነሣቱን ያስረዳናል። በጥይት የተመታውም፣ በበሽታ የከሳውም ሥጋ ይነሣል፤ ሲነሣ ግን አይታመምም፣ አይሞትም።

ሐዋርያው ይህን ያስረዳን በዘር ምሳሌ ነው (1ኛ ቆሮ. 15፥36-38)። እኛ የስሜን ሰዎች ምሳሌው አይከብደንም። ገብስ ስንዘራ ገብስ ይበቅላል፤ የወጣው ቡቃያ ግን ከተቀበረችው ፍሬ እጅግ ያምራል። ደግሞም ገበሬው ዘሩን በእጁ ሲበትን እያንዳንዷ ፍሬ የት እንደ ወደቀች አያውቅም። ዝናቡ ሲመጣ ግን ከየወደቀችበት ትበቅላለች። ገበሬው ያላወቀውን ቦታ እግዚአብሔር ያውቀዋል።

3. መቃብሩ ባይታወቅስ?

ሊቀ ነቢያት ሙሴ በሞዓብ ምድር ሲሞት መቃብሩን ያወቀ ሰው አልነበረም (ዘዳ. 34፥6)። ይኸው ሙሴ ግን በደብረ ታቦር ከኤልያስ ጋር ቆሞ ከጌታችን ጋር ሲነጋገር ታየ (ማቴ. 17፥3)። ነቢዩ ሕዝቅኤል ያያቸው የደረቁ አጥንቶችም በሜዳ ላይ የተበተኑ ነበሩ፤ በእግዚአብሔር ቃል ግን ሥጋ ለብሰው ቆሙ (ሕዝ. 37፥1-10)። ዮሐንስ በራእዩ ባሕር እንኳ በውስጧ ያሉትን ሙታን እንደምትሰጥ ተናግሯል (ራእ. 20፥13)። እንግዲህ ባሕር የዋጠችው ከተነሣ፣ በዱር የወደቀው እንዴት ይቀራል?

ፍትሐት አልደረሰለትም ለሚለውም የራሳችንን ሥርዓት እናስታውስ። በሰሙነ ሕማማት ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን በሆሳዕና ዕለት፣ በዚያ ሳምንት ለሚሞቱት ሁሉ አስቀድማ ትጸልያለች። ማን እንደሚሞት፣ የት እንደሚሞት ሳታውቅ ትጸልያለች። የጌታን ሕማም በምናስብበት ሳምንት የሞተ ክርስቲያን ከጸሎቷ ውጭ አልሆነም።

ታዲያ ግንዘትና ፍትሐት ዋጋ የለውም ማለት ነውን? አይደለም! ሬሳን አጥበን፣ ገንዘን፣ ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርገን የምንቀብረው ይነሣል ብለን ስለምናምን ነው። መቅበር ለምንችለው ሰው ይህን መተው በደል ነው። ሳይቻል ሲቀር ግን እግዚአብሔር በጉድጓድ አይወሰንም።

4. ክርስትና ተነሣ

ለእኒያ እናት መጀመሪያ ከላይ ያለውን የአምስቱን ትንሣኤ ቁጥር ነበር የነገርኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ፤ ፊታቸው ግን አልተፈታም። ቆይቼ፣ «እናቴ፣ ልጅዎን ክርስትና አስነሥተውት ነበር?» አልኋቸው። «ምነው ልጄ! በአርባ ቀኑ አስነሥቼዋለሁ እንጂ» አሉኝ፤ እንደ መቆጣትም አሉ።

ይህን ቃል ልብ እንበለው። አባቶቻችን የተጠመቀን ሕፃን «ክርስትና ተነሣ» ይላሉ። የክርስትና አባቱም «ክርስትና አነሣሁት» ይላል። በውኃው ውስጥ ሦስት ጊዜ መጠመቅ ከክርስቶስ ጋር መሞትና መቀበር ነው፤ ከውኃው መውጣት ደግሞ ከእርሱ ጋር መነሣት ነው (ሮሜ 6፥3-5)። ሥጋውን በልቶ ደሙን የጠጣውንም በመጨረሻው ቀን እንደሚያስነሣው ጌታችን ተስፋ ሰጥቷል (ዮሐ. 6፥54)። የተጠመቀ ሰው የመጀመሪያ መቃብሩ የጥምቀቱ ውኃ ነው፤ ያን መቃብር ደግሞ እናቱ ታውቀዋለች። በአርባ ቀኑ አቅፋ ወስዳዋለችና።

5. እኛስ ምን እናድርግ?

እኒያ እናት ሌላም ጥያቄ ነበራቸው። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «የገደለውስ ይነሣል?» አሉኝ። እውነቱን መናገር ግድ ነው፤ እርሱም ይነሣል። ጌታችን በመቃብር ያሉት ሁሉ ድምፁን ሰምተው እንደሚወጡ፣ መልካም ያደረጉ ለሕይወት፣ ክፉ ያደረጉ ለፍርድ እንደሚነሡ አስተምሯል (ዮሐ. 5፥28-29)። የመጀመሪያው ትንሣኤ ዘለክብር፣ ሁለተኛው ትንሣኤ ዘለኃሣር ይባላል። ስለዚህ የፈሰሰ ደም ተረስቶ አይቀርም። በቀሉን ግን ለእግዚአብሔር ልንተው ታዘናል (ሮሜ 12፥19)። ይህ ቀላል ነው አልልም። ቂም ይዞ መጾም ግን ሥጋን ከማስራብ አያልፍም። ጥምቀትም ያለ ምግባር በክብር አያስነሣም፤ ንስሐ የሚያስፈልገን ለዚህ ነው።

መቃብሩ ያልታወቀ ዘመድ ያለን ሰዎች ቢያንስ ሦስት ነገር ማድረግ እንችላለን፦

ሀ. የክርስትና ስሙን ለካህናት ሰጥተን በጸሎት እንዲታሰብ ማድረግ።

ለ. ተዝካሩን ስናወጣ ተበድረን ድግስ ከማብዛት ይልቅ፣ የተራበውንና ወላጅ ያጣውን ልጅ በስሙ ማብላት።

ሐ. እኛ ራሳችን ንስሐ ገብተን፣ ሥጋ ወደሙ ተቀብለን መኖር። የሞተብንን ሰው በደስታ የምናገኘው እኛም ለክብር ስንነሣ ነውና።

ደባርቅ ስንደርስ እናታችን ከመኪናው ወርደው ትንሽ ቆሙ። «ስሙ ወልደ ሚካኤል ነው። አንተም በጸሎትህ አስበው» አሉኝና ሄዱ። እናንተም ይህን ያነበባችሁ ሁሉ አስቡት፤ መቃብራቸው ያልታወቀውን ሁሉ አብራችሁ አስቡ።

ጾሙን በሰላም አስፈጽሞ ለብርሃነ ትንሣኤው በሰላም ያድርሰን። የሞቱትን ነፍሳቸውን ይማር፤ የቀሩትን ያጽናና።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር
ወለወላዲቱ ድንግል
ወለመስቀሉ ክቡር
አሜን።