ለአዲሷ የወረዳ ትምህርት ኃላፊ

ልጄ፣ የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሆነሽ መሾምሽን እናትሽ ስትነግረኝ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። በስልክ ስናወራ ዘንድሮ ሁለት ነገር በዕቅድሽ ማስገባት እንደምትፈልጊ ነግረሽኛል፦ ተማሪዎች የተማሩትን መለስ ብለው እንዲመረምሩ፣ መምህራንና ሌሎች ሠራተኞችም በትምህርት ቤታቸው ጉዳይ ከልብ እንዲሳተፉ። እኔ አጎትሽ በመምህርነት፣ በርዕሰ መምህርነት፣ በመጨረሻም በጉድኝት ሱፐርቫይዘርነት ዕድሜዬን ያሳለፍኩ ነኝና የማውቀውን ልጻፍልሽ። ሁለቱን ዕቅዶች ለየብቻ አትያቸው። መምህሩ «ይኼ ትምህርት አልሄደልኝም» ለማለት በሚፈራበት ግቢ ተማሪው «አልገባኝም» አይልም። መምህሩ የሚፈራው ርዕሰ መምህሩን ነው፤ ርዕሰ መምህሩ የሚፈራው ደግሞ አንቺን ነው።

1. ራስን የመመርመሩን ጉዳይ ከግምገማ አውጪው። እኛ አገር ሰው ስለ ራሱ ሥራ እንዲናገር ሲጠየቅ ቶሎ ትዝ የሚለው የስብሰባ አዳራሽ ነው። ሂስና ግለ ሂስ ስንት ዘመን ተቀምጠንበታል! ሰው ተነስቶ ድክመቱን ይናገራል፤ ቃለ ጉባኤ ያዡ ይጽፈዋል፤ የደረጃ ዕድገት ወይም የዝውውር ጊዜ ሲደርስ ያው ቃል ይመዘዝበታል። ስለዚህ ሰዉ የማይጎዳውን ድክመት መርጦ መናገር ለመደ። «ሰዓት በማክበር በኩል ጥቂት ክፍተት አለብኝ» ይልና ይቀመጣል። ተማሪዎችም በአንድ ለአምስት ቡድናቸው ይህንኑ ከእኛ ቀድተው ሲያደርጉት አይቻለሁ። የ12 ዓመት ልጅ ተነስቶ «ክፍተቴን አርሜ እቀጥላለሁ» ሲል መስማት ያሳዝናል፤ የቱ ትምህርት እንዳልገባው አንድ ቃል አልተናገረም።

ትምህርት ሳይጀመር በፊርማሽና በማኅተምሽ የወጣ አንድ ደብዳቤ ለሁሉም ትምህርት ቤት ይድረስ። ተማሪ ስለ ትምህርቱ የጻፈው ነገር ማርክ አይያዝበትም፣ ሰልፍ ላይ አይነበብም፣ ለወላጅ መክሰሻ አይሆንም። መምህር ስለ ማስተማሩ በግልጽ የተናገረውም በሥራ አፈጻጸም ምዘናው ውስጥ አይገባም። ደብዳቤው ወጥቶ አንድ ርዕሰ መምህር እንኳ ቢጥሰው ዝም አትበዪ፤ ሰዉ ቃልሽን የሚለካው በዚያ ነው።

2. ለተማሪው ጠበብ ያለ ጥያቄ ይቅረብለት። «ዛሬ ምን ተማራችሁ?» ሲባል ልጆች «ብዙ ነገር» ይላሉ፤ እውነታቸውን ነው፣ ጥያቄው ራሱ መያዣ የለውም። «ዛሬ ከሠራችሁት ውስጥ ማንም ሳይረዳችሁ ደግማችሁ የማትሠሩት የቱ ነው?» ይባሉ።

አንዲት የ5ኛ ክፍል ሒሳብ መምህርት ይህን ስታደርግ አጠገቧ ሆኜ አይቻለሁ። ክፍለ ጊዜው ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ልጆቹ ደብተራቸውን ከጀርባ ገልጠው ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጽፋሉ። ከኋላ ዴስክ የምትቀመጥ አንዲት ልጅ በእርሳስ እንዲህ ጽፋለች፦ «ታህቱ አንድ ዓይነት ሲሆን ክፍልፋይ መደመር እችላለሁ። ታህቱ ሲለያይ ግን ከጎኔ ያለውን እያየሁ ነው የምጽፈው።» ይህች ልጅ የቤት ሥራዋ ሁሉ ራይት የተደረገላት ነበረች። መምህርቷ የሌሎቹን ደብተር ስታገላብጥ ያንኑ ነገር የጻፉ ልጆች በዙባት። ስም መጥሪያውን አመጣችና ቀኑን ፈለገች፤ ትንሹን የጋራ ብዜት ያስተማረችው የገበያ ቀን ነው። እናቶቻቸው ገበያ ሲወጡ ልጆቹ ቤትና ከብት ሊጠብቁ ቀርተዋል። በማግስቱ አዲሱን ትምህርት አቆየችና ያንን ደግማ አስተማረች። ለዚህ ሥልጠናም በጀትም አላስፈለጋትም።

«ስልሳና ሰባ ተማሪ ባለበት ክፍል ማን ያነበዋል?» የሚል ጥያቄ ይመጣብሻል፤ ተገቢ ጥያቄ ነው። ሁሉንም በየቀኑ አታንብቡ በያቸው። አንድ ቀን አንድ ረድፍ ይበቃል፤ በሳምንት ክፍሉ ይዳረሳል።

3. ልጆቹ የሚጽፉት አፋቸውን በፈቱበት ወይም በሚቀናቸው ቋንቋ ይሁን። ከፍ ባሉት ክፍሎች ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ይኼም በእንግሊዝኛ ይጻፍ የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ እንዳትዪ። የልጁ የቋንቋ ችግር ያልገባውን ነገር ይሸፍንበታል።

4. «ይኼ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚልሽ ቢኖር ወደ ቅኔ ቤት መልሺው። በዋሸራም በጎንጅም በዋድላም ቤት ተማሪው መንገዱን ከመምህሩ ከተቀበለ በኋላ ቆጠራ ይወጣል። ከጓደኞቹ ርቆ ብቻውን ተቀምጦ ቃል ሲያወጣና ሲያወርድ ይቆያል፤ ከዚያ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ ያሰበውን ይነግራል። መምህሩ እዚያው ይሰማዋል፣ የጎደለውን ያርምለታል። ተማሪው ቢሳሳት ነገ ደግሞ ይቆጥራል እንጂ ስህተቱ የትም አይመዘገብበትም። ዘመናዊው ትምህርት ቤት እነዚህን ሁለት ነገሮች አጥቷል፤ ልጁ ብቻውን የሚያስብበት ጸጥ ያለ ሰዓትና ያሰበውን የሚሰማ ጆሮ። ይህ ለእኔ ትልቅ ቁጭት ነው።

5. መምህሩን ነገሩ ካለቀ በኋላ አትጥሪው። በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ሴክተር ሪቪው የተባለ ትልቅ የትምህርት ጥናት ተዘጋጅቶ ነበር። የገጠሩን ሕፃን ለማዳረስ የታሰበ ሐሳብ ነበረበት፤ አብዛኛው ልጅ ግን በአራት ዓመት መሠረታዊ ትምህርት እንዲወሰን የሚያደርግ ነበር። ያጠኑት ባለሙያዎች ናቸው፤ የመምህራን ማኅበር በዝግጅቱ አልተማከረም። ጉዳዩ አደባባይ ሲወጣ መምህራን ከደመወዝ ጥያቄያቸው ጋር አያይዘው በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ አቆሙ፤ ተማሪውና ወላጁም ተቃወመ፤ መንግሥትም ጥናቱን ሥራ ላይ ማዋሉን ለማቆም ተገደደ። የየካቲት አብዮት ሲነሳ አንዱ እሳት ይኼ ነበር። በሰነዱ ውስጥ ሊወሰዱ የሚገባቸው ነገሮች ነበሩ ብዬ አምናለሁ፤ አብረው ተቀበሩ።

ዛሬም በትንሹ ይኸው ይደረጋል። የትምህርት ቤት መሻሻል ፕሮግራም ሲወጣ ግለ ግምገማውን መምህር፣ ተማሪና ወላጅ አንድ ላይ እንዲሠሩት ነበር የታሰበው፤ በመማር ማስተማሩ፣ በትምህርት ቤቱ አካባቢ ምቹነት፣ በአመራሩና በኅብረተሰቡ ተሳትፎ ላይ። በብዙ ቦታ ግን ቅጹን ርዕሰ መምህሩና ሁለት ሰዎች ቢሮ ዘግተው ይሞሉታል፤ የቀረው ሰው ይፈርማል። አንቺ ቅጹን ስትቀበዪ ፊርማውን አትቁጠሪ። ከመምህራኑ አንዱን ለብቻው «በዚህ ውስጥ የአንተ ሐሳብ የቱ ነው?» ብለሽ ጠይቂው። አንድ እንኳ ካላሳየሽ ቅጹን መልሺው።

6. ለተከታታይ የሙያ ማሻሻያ በዓመት 60 ሰዓት ተመድቧል። ይህ ትልቅ ሀብት ነው፤ የሚባክነውም ፖርትፎሊዮ በመገልበጥ ነው። ርዕሱን ከወረዳ አትላኪ። ተማሪዎቹ በደብተራቸው ጀርባ ከጻፉት ውስጥ የሚደጋገመውን ችግር መምህራኑ ራሳቸው ይምረጡ፤ ዓመቱን በእሱ ላይ ይሥሩ። ሁለት ሁለት ሆነው አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ ይመልከት፤ ያየውንም ለባልደረባው ብቻ ይንገር። ሁለቱን ዕቅዶችሽን ለየብቻ አትያቸው ያልኩሽ ስለዚህ ነው፤ የልጁ ቃል የመምህሩ ሥራ መነሻ ሲሆን መምህሩም የሚሳተፍበት እውነተኛ ጉዳይ ያገኛል።

7. ጥበቃውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋን፣ የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛውን አትርሺ። የትኛው ልጅ ውኃ ቀድቶ ስለሚመጣ በየቀኑ እንደሚረፍድበት ጥበቃው ያውቃል። ሴቶቹ ተማሪዎች መጸዳጃ ቤቱ ውኃ በማጣቱ በየወሩ እንደሚቀሩ የጽዳት ሠራተኛዋ ታውቃለች። በስብሰባ ላይ ግን ከኋላ ይቀመጣሉ፤ አጀንዳው ሲያልቅ «ከድጋፍ ሰጪ ሠራተኞች አስተያየት ካለ» ይባላል። ቅደም ተከተሉን ገልብጪው፦ መጀመሪያ እነሱ፣ ከዚያ መምህራን፣ ርዕሰ መምህሩ መጨረሻ። አለቃ ከተናገረ በኋላ የተለየ ሐሳብ የሚያነሳ ጥቂት ነው።

8. የጠየቅሽውን መልሺ። መምህራን የተናገሩትን ከተቀበልሽ በኋላ የሚቻለውንና የማይቻለውን ለይተሽ በቶሎ አሳውቂያቸው። «በጀት የለንም፣ ዘንድሮ አይሆንም» ማለት ያባት ነው። ዝም ማለት ግን ሰውን ያስኮርፋል፤ ለከርሞ ብትጠይቂው አይመልስልሽም።

9. ዞን «ራሳቸውን የመረመሩ ተማሪዎች በመቶኛ» የሚል ሪፖርት ይጠይቅሽ ይሆናል። ስንት ትምህርት ቤት እንደጀመረ ጻፊ፣ ከልጆቹ ጽሑፍ ስም ሳትጠሪ ሁለት ሦስቱን አያይዢ፤ ከዚያ ያለፈ መቶኛ አትፈልጊ። አንዴ መቶኛ ከተጠየቀ በየትምህርት ቤቱ መቶ በመቶ ተሞልቶ ይመጣል። በወረቀት ላይ የሚሞላ ቁጥር ምን እንደሚደብቅ አይተናል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ሲወጣ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸውን ሰምተን ሁላችንም ደነገጥን። በተከታዩ ዓመትም 3.2 በመቶ ሆነ። እኔን እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ እነዚያ ልጆች ያለፉባቸው ሮስተሮች ናቸው። ከክፍል ክፍል በማለፊያ ነጥብ ሲዛወሩ የኖሩ ልጆች ናቸው። በዚያ ሁሉ ዓመት «እዚህ ጋ ጠፋብኝ» የሚሉበት አንድ ገጽ ቢኖራቸው፣ የሚያነብላቸውም ቢገኝ፣ ነገሩን የምናውቀው በመጨረሻው ፈተና አልነበረም።

10. ከራስሽ ጀምሪ። አንቺ ባዮሎጂ ስታስተምሪ የኖርሽ ነሽ፤ የ1ኛ ክፍል ልጅ ፊደል እንዴት እንደሚለይ አታውቂም። ርዕሳነ መምህራኑን በምትሰበስቢበት የመጀመሪያ ቀን ይህን በግልጽ ንገሪያቸው፤ ከመካከላቸው የሚያውቀው እንዲያስተምርሽም ጠይቂ። ከዚያ ቼክ ሊስትሽን ቢሮ ትተሽ አንድ የ1ኛ ክፍል ክፍለ ጊዜ ከኋላ ዴስክ ተቀመጪና ተከታተዪ። ሱፐርቫይዘሮችሽም እንዲሁ ያድርጉ።

በስንት ትምህርት ቤት ልጀምር ላልሽኝ፣ በሦስት ጀምሪ። አንቺ አትምረጫቸው፤ ደብዳቤውን አንብበው «እኛ እንሞክረው» ብለው ከመጡት ይሁኑ። የሦስቱን መምህራን በአንደኛው ሴሚስተር መጨረሻ በጉድኝት ማዕከሉ ሰብስቢያቸውና ለሌሎቹ መምህራን ያዩትን ይንገሩ፤ አንቺ በዚያ ቀን መድረክ ላይ አትውጪ።